የቪክ ጌታ ማን ነው?

ሰኞ፣ ጥቅ. 6/2004 — ከቀኑ 8 ሰዓት

ሸሚዞቹ ተተኩሰዋል። ሳህኑ ታጥቧል። አገሩ ተኝቷል፤ ባለጫቱ ከጫቱ ጋር፣ ፈረንጁ ከአየር ማቀዝቀዣው ጋር። ራስ ዲካ ሰፈር ውስጥ በዚህ ሰዓት የነቃን ባሕሩና እኔ ብቻ ነን። ቪክ እግሬ ሥር ተዘርግቶ ያንኮራፋል።

ደብተሬ፣ ዛሬም አማርኛ ያወራሁት ከውሻ ጋር ነው። ሳቂ። ማዳም (ከአሁን በኋላ ማ. እላታለሁ፣ ቀለም ልቆጥብ) የምታናግረኝ በዕቃ ስም ነው፦ ባልዲ፣ ድስት፣ መጋረጃ። ባሏ፣ ሙሴ የምንለው፣ እሱንም አይልም። ዘበኛው ዓሊ ደግ ሽማግሌ ነው፤ ግን አማርኛው «ደህና ነሽ» ላይ ያልቃል፣ የእኔም ሶማልኛ እዚያው አካባቢ። ውሻ ደግሞ አይነካም፣ ለሶላቱ ጠንቃቃ ነው። ስለዚህ ማብላቱም ማጠቡም ባሕር ዳር ማንሸራሸሩም ለእኔ ደረሰ። «ና» ስለው ይመጣል። «ተቀመጥ» ስለው ይቀመጣል። በፈረንሳይኛ ሲጠሩት ጆሮውን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ማ. ሳትቀና አትቀርም። ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 9

ቪክ ነከሰኝ።

ጆሮው አመርቅዞ ነበር። ሙሴ ጠብታ ሊያደርግለት ሲመጣ አጉረመረመ። ያዢልኝ፣ አንቺን ይሰማሻል አለኝ። ያዝኩት። ሙሴ ጆሮውን ሳብ ሲያደርገው ቪክ ዞሮ የግራ እጄን፣ አውራ ጣቴ ሥር። ወዲያው ለቀቀኝ። ደም። ሙሴ ፊቱ አመድ መሰለ። ማ. ጮኸች። በጣም ስለደነገጡ አሳዘኑኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው። ብርጭቆ ስሰብር የምላት፣ አሳምሬ የማውቃት አንዲት የፈረንሳይኛ አረፍተ ነገር ናት።

ሐኪሙም እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀ። ደገምኳት። ሙሴ አጠገቤ ቆሟል፣ እንዴት ሰው ፊት ላሳፍረው? አስተዳደጌ ነው። የገፋሽ ሰው ሲደነግጥ «ኧረ እኔ ነኝ» ትያለሽ፤ እሱም «ኧረ እኔ» ይላል፤ ነገሩ በዚያ ይበርዳል። ሙሴ ግን የእሱን ተራ አላለም። ሐኪሙ ጻፈ።

እሑድ፣ ጥቅ. 12

የእብድ ውሻ መርፌ ጀመሩልኝ። እጄ አብጧል። ቪክ ጓሮ ታስሯል፤ ያበደ አይመስልም ግን የእንስሳት ሐኪም እየተመላለሰ ያየዋል። ያየኝ እንደሆነ ያለቅሳል። አልፈታሁትም፣ ምግቡን ገፋ አድርጌለት ተመለስኩ።

ጨርቅ መጭመቅ አቃተኝ። ባልዲ አንስቼ ለቀቅኩት፣ ወለሉ በሙሉ ውሃ። እናቴ ከድሬዳዋ ደወለች። ደህና ነኝ አልኳት። ምን ልበላት? ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ኩሽና ቆሜ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ጥቅ. 17

የዕረፍት ቀኔ። ካርቲዬ ዱ ሰፈር፣ ሐጂ ኑሬ ሱቅ ሄድኩ። ድሬ የአባቴ ጎረቤት ነበሩ፤ እዚህ ጨርቅ ይነግዳሉ። እጄን ገና ሲያዩ «አቦ! ይሄ ምንድነው አንቺ ልጅ?»

አንድ በአንድ አስረዱኝ። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው፣ ያገሬውም ይሁን እንግዳው፣ መብት አለው። ሕክምናው፣ እስኪሻለኝ ደሞዜ፣ እጄ ጎደሎ ሆኖ ከቀረም ካሣ። ውሻ ቢነክስ የሚጠየቀው ጌታው ነው። የሥራ ጉዳይ መ/ቤት ሂጂ፣ ለዚሁ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ አለ አሉኝ። እኔ ለሐኪሙ ጥፋቱ የእኔ ነው ብያለሁ ስላቸው ራሳቸውን ያዙ። «ወላሂ ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ማን አስገደደሽ?»

ማንም። ይሉኝታ።

አልሄድም። ዝም አይነቅዝም። ክስ ማለት ከዚያ ግቢ መውጣት ነው፤ መኝታዬም እንጀራዬም እዚያው ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 21

ሆስፒታል ነበርኩ። ጅማቱ ተቆርጧል። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፤ ከቆየ አውራ ጣቴ ከእንግዲህ አይታጠፍም። በአንድ እጅ ማን ይቀጥረኛል? ማጠብ፣ መጥረግ፣ መተኮስ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ?

ለሙሴ ነገርኩት። ሳሎን አስቀመጠኝ፤ በየቀኑ የምወለውለው ወንበር ላይ ዛሬ ገና ተቀመጥኩ። ቀስ እያለ ተናገረ፣ ፈረንሳይኛ ከምናገረው የምሰማው ይበልጣል። በሕግ ለእንስሳ የሚጠየቀው በእጁ የያዘው ነው አለ። ማን ያበላዋል? አንቺ። ማን ያንሸራሽረዋል? አንቺ። የማንን ቋንቋ ይሰማል? የአንቺን። ጥፋተኛ ነኝ ያልሽውም ራስሽ ነሽ። መርፌውን በደግነት ከፍለናል፣ ቀዶ ጥገናውን ግን አንችልም። ማ. አለቀሰች፤ ለቪክ። ክስ ከተነሣ ይገድሉታል አለች። ወሩ ሲያልቅ ሌላ ሠራተኛ ትገባለች።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ያበላሁት እኔ። ደግነቱ ሙሴ ተረታችንን አያውቅም፣ ይህችንም ይጨምርብኝ ነበር።

ጓሮ ወጥቼ ቪክ አጠገብ ተቀመጥኩ። አፉን ጉልበቴ ላይ ጣለ። ተናደድኩበት። ከዚያ አቀፍኩት። በዚህ ከተማ ሲያየኝ ደስ የሚለው ሌላ ማን አለ?

ዓርብ፣ ጥቅ. 24

ወጣሁ። ወሩ እስኪያልቅ ምን እጠብቃለሁ? ሐጂ ኑሬ፣ ሃያብለ ሰፈር እህታቸው ቤት ጓዳ አሰጡኝ። ቆርቆሮ ነው፣ ቀን ይጋግራል። ሴትዮዋ ሶማልኛ ብቻ ነው የምትናገረው፤ ሻይ በወተት አስቀምጣልኝ፣ ፈገግ ብላ ትሄዳለች። ደግ ናት። ዛሬ ግን አንድ ቃል አልተናገርኩም። ለውሻ እንኳ።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 28

መ/ቤቱ ሄድኩ። ፈርቼ በር ላይ ሁለቴ ተመለስኩ። ተቆጣጣሪዋ ሴት ናት፣ ያገሩ ልጅ፤ በልጅነቷ ድሬ ኖራ አማርኛ ታውቃለች። «ተቀመጪ እህቴ» ስትለኝ እንባዬ መጣ፣ አፈርኩ። ውሃ ሰጠችኝ። ቪክ ይገደላል ወይ ብዬ መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነው። ሳቀች፤ ጤነኛ ውሻ በሥራ ክስ አይገደልም፣ ማን አስፈራራሽ አለች። ሙሴን ለሚመጣው ማክሰኞ ጠራችው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ሙሴ መጣ። ክራቫት አድርጓል፤ የተኮስኩት ሸሚዝ ነው። ያንኑ ደገመው። ተቆጣጣሪዋ አስተረጎመችልኝ፣ ከዚያ ጥያቄዋን አመጣች። ያዢ ያላት ማን ነው? ጠብታውን የያዘው ማን ነው? ሠራተኛ ታዝዛ የያዘችው ውሻ በጌታው እጅ እንዳለ ነው አለችው። ለሐኪሙ ስላልኩት ጠየቀችኝ። «ኧረ እኔ ነኝ» የሚባለውን አስረዳኋት፤ ድሬ ኖራለች፣ ገና ሳልጨርስ ገባት።

ሙሴ ተስፋ አልቆረጠም። ጠይቂያት አለ፤ ውሻው ከእኛ ይልቅ እሷን ይወዳል፣ በእሷ ቋንቋ ካልሆነ አይታዘዝም፣ የእሷ ውሻ ነው። ቁጣ አልነበረበትም። እውነቱን ነው።

እውነት ነው ወይ፣ ውሻሽ ነው? አለችኝ። ሁለቱም ያዩኛል። አዎ ብል እጄ ቀረ።

የእኔ አይደለም አልኩ። የሳቸው ነው። እኔ ሠራተኛ ነኝ።

ተቆጣጣሪዋ ጻፈች። ሙሴ አልተስማማም። እስከ ሐሙስ ካልተስማማ ጉዳዩ ወደ ፍ/ቤት ይሄዳል። ጸሐይ ላይ ወጥቼ በእግሬ ሄድኩ፤ አሸንፌ ይሁን ተሸንፌ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7 — ከቀኑ 10 ሰዓት

ዓሊ መጣ፣ ከራስ ዲካ ድረስ። ሙሴ ልኮት ነው። የሐጂ እህት ልጅ አስተረጎመችን። ክሱን ከተውኩ ቀዶ ጥገናውን በራሳቸው ሐኪም ያሠሩልኛል፣ ክፍሌም ባዶ ነው፣ ልመለስ። ካሣ የሚባል ግን አይነሣ። ጣቴ ባይታጠፍስ?

አልተውም አልኩት። ነገ ዓርብ ነው፣ መ/ቤቱ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ፍ/ቤት ይመራልኝ እላለሁ።

ዓሊ አልሄደም። ቪክ ምግብ ትቷል አለ፤ ሰሃኑ እንደተሞላ ይውላል። ምን ልበላቸው ብሎ ቆሞ ጠበቀኝ።

የሰው ውሻ ነው፣ ጌታው ያብላው አልኩ። ልጅቱ ተረጎመችለት። ሲሄድ በሩን ዘጋሁና «ና፣ ብላ» አልኩ፣ ማንም በሌለበት።