ለጋሽ ኤርጫፎ ሐኪም ስለመረጡላቸው እናመሰግናለን

ለተከበሩ የጡረተኞች ሕክምና መድን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ ሁሉ ደህና እንደሚሆን ተስፋዬ ነው፤ የሚያምዎት ነገር ቢኖር እንኳ የለመዱት ሐኪም ዘንድ ጎራ እንደሚሉ ስለማውቅ ብዙም አልሰጋም። እኛ የሴቻ ሰፈር ሰዎችም ሙቀቱን ችለን አለን። የምጽፍልዎ ለማመስገን ሲሆን፣ ምስጋናዬ እንዳይዘበራረቅብዎ በተራ በተራ አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ጎረቤቴን ጋሽ ኤርጫፎን ሐኪም ከመምረጥ ድካም ስላሳረፉልን። ጋሽ ኤርጫፎ በመንገድ ሥራ አርጅተው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው እትዬ መቅደስ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ስኳር ያለባቸው ሰው ናቸው። የእግራቸውን ቁስል ያክሙላቸው የነበሩት እዚሁ ሰፈራችን ክሊኒክ ያላቸው ዶክተር በርናባስ ነበሩ፤ የሽማግሌውን እግር ጭናቸው ላይ አድርገው እያጠቡ ስለ ጫሞ ሐይቅ ዓሣ መጥፋት ያወጓቸው ነበር፣ ጋሽ ኤርጫፎም የሳምንቱን ወሬ ሁሉ ለዚያች ሰዓት ያጠራቅሙ ነበር። ዶክተሩ አንድ በሽተኛ ዘንድ ብዙ ይቆያሉ ተብሎ ከእናንተ ጋር የነበራቸው ውል መቋረጡን ሰምቻለሁ፤ ከማን እንደሰማሁ ግን አይጠይቁኝ። አሁን የጋሽ ኤርጫፎ የመድን መታወቂያ የሚሠራው እናንተ በመደባችሁላቸው ጤና ጣቢያ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ በሄዱ ቁጥር አዲስ ሰው ስለሚያስተዋውቋቸው። እዚያ ያሉት ወጣት ሐኪሞች ክፉ አይደሉም፣ ደጅ ያለው ሰልፍ ያስቸኩላቸዋል እንጂ። ነገር ግን ዛሬ ያያቸው ሐኪም በሚቀጥለው አይገኝም፤ አዲሱም ቁስሉን ከማየቱ በፊት መድኃኒት የምታስታውሳቸው ባለቤት እንዳለቻቸው ይጠይቃል። ጋሽ ኤርጫፎም ማረፏን ይናገራሉ። በሌላ ጊዜ ሌላው ይጠይቃል፣ እንደገና ይናገራሉ። በቅርቡ ሲመለሱ አጥር ላይ ተደግፈው፣ “ዘርፈሽ፣ ደህና ናት አልኩት። በሄድኩ ቁጥር ከምቀብራት ብዬ ነው” አሉኝ።

ሦስተኛ፣ ዶክተር በርናባስን ሥራ ስላላስፈቱልን። ዶክተሩ ነገሩን ሲሰሙ ጋሽ ኤርጫፎ በነጻ እንዲመጡ ላኩባቸው። ክቡር ሆይ፣ የእኛን ሰው ያውቁታል፤ በነጻ ና የተባለ ዕለት እግሩ ይታሰራል። ጋሽ ኤርጫፎ አንዴ የኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ይዘው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ይሉኝታ ያዛቸውና ዶክተሩን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ መቀየር ጀመሩ። ባለፈው ዶክተሩ ራሳቸው መጥተው በሩን ሲያንኳኩ፣ ጋሽ ኤርጫፎ ሬዲዮናቸውን ዘግተው ቤት የሌሉ መሰሉ። ዶክተሩ ቆመው ቆመው ወደ እኔ ዞሩና፣ “ምን አስቀይሜያቸው ነው?” አሉኝ። አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ደጅ፣ በሯን በመካከላቸው አድርገው ሁለቱም አፍረው ተለያዩ።

ክቡር ሆይ፣ የጋሽ ኤርጫፎ አንድ የእግር ጣት መጥቆር ጀምሯል። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያቺ መታወቂያቸው ዶክተር በርናባስ ዘንድ እንድትሠራ ይፍቀዱላቸው። መታወቂያውን ከያዙ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይገባሉ። ስብሰባ የሚያስፈልገው ከሆነ ይሰብሰቡ፤ ጣቱ ግን ቃለ ጉባኤ እስኪጸድቅ የሚታገሥ አይመስለኝም።

ስለ ጤናችን ከእኛ ይልቅ ለሚያውቁልን ለእርስዎ እግዜር ዕድሜ እንዲሰጥልን፣ ያንን ዕድሜም ስምዎን የሚያውቅ ሐኪም እንዲጠብቅልዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

አጥር ተጋሪያቸው ዘርፈሽ
ከሴቻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰሞኑን ከጽሕፈት ቤትዎ አንዲት ልጅ ስልክ ደውላ ጋሽ ኤርጫፎን በአገልግሎቱ ረክተው እንደሆነ ጠይቃቸው ነበር። እጅግ ጥሩ ነው አሏት፤ ሐኪሞቹን አመሰገኑ፣ እርስዎንም መረቁ። ምነው ብላቸው፣ ቅሬታ ካሰሙ ስልኩን ቶሎ እንዳትዘጋባቸው ፈርተው ነው። ከረኩት መካከል ቆጥረዋቸው ከሆነ ግድ የለም፤ ብቻ ልጅቷ ደግማ ትደውልላቸው።