የሌለው ዶርም

ሰኞ
ዋሸኋት። ሻንጣዬን እንደያዝኩ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ «እስከ ማታ ለምንሠራው ፋብሪካው ዶርም ሰጠን» አልኳት እቴቴን። አክስቴ ናት፤ ከአቦምሳ፣ ከእናቴ እጅ ተቀብላ እዚህ አዳማ ያሳደገችኝ። «የአደራ ልጅ ነሽ፤ ከዚህ ቤት የምትወጪው ስታገቢ ነው» ስትል ስንቴ ሰምቻታለሁ። ቤት ተከራየሁ ብላት ትለቀኝ ነበር? አትለቀኝም።
እሷ ግን በሶ ቋጠረችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ
የራሴ በር! የራሴ ቁልፍ! ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ቆርቆሮዋ እሳት ነው። ቢሆንም ከሥራ ስገባ «የት አመሸሽ?» ያለኝ የለም። ሙዚቃ ለቀቅኩ። እንቁላል ጠብሼ ከመጥበሻው ላይ በላሁ። በጣም ደስ አለኝ፤ ምን ይደበቃል።
ከዚያ ደወለች። «ዶርሙ አይሞቅም? ቬንትሌተር አላችሁ?» «አለ» አልኳት፣ በላብ ተጠምቄ።

ሐሙስ
ጉድ ፈላ። እቴቴ ለዶርም ልጆች ብላ ድፎ ዳቦ ጋግራ ፋብሪካችን ያለበት ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ድረስ መጥታለች። ሀዊ፣ አብራኝ የምትሰፋው፣ ወደ ሥራ ስትገባ አይታታለች። ጥበቃው «እናቴ፣ እዚህ የሚያድር ሠራተኛ የለም፤ ሁሉም በሰርቪስ ወደ ቤቱ ነው» ሲላት አመስግና፣ ዳቦውን ለሱ ሰጥታ ባጃጅ ያዘች አለችኝ።
አመስግና!
ቀኑን ሙሉ ኮሌታ አጣምሜ ስሰፋ ዋልኩ። ስልኬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። እሷም አልደወለችም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

ቅዳሜ
ሄድኩ። ያደግኩበትን በር እንደ እንግዳ አንኳኳሁ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ብቻዬን እንደሆንኩ፣ ሳትጠይቀኝ ደግሞ ወንድ እንደሌለ።
«ሰው ምን ይላል ብዬ ነው» አልኳት።
«ሰውን ተዪው። እኔን ነው የፈራሽው።»
እውነቷን ነው።
ተነስታ ከአልጋው ሥር ካርቶን ጎተተች። ድስቶች፣ ብርጭቆዎች፣ ጥልፍ ያለው አንሶላ። ለሰርጌ እያለች ስታጠራቅም የኖረችው ነው፤ ጫፉን እንኳ አታስነካኝም ነበር።
«ውሰጂ» አለችኝ።
«ለሰርጌ አልነበር እንዴ?»
«ከቤቴ ስትወጪ ልሰጥሽ ነበር። ወጣሽ።»
ባጃጅ ውስጥ ካርቶኑን አቅፌ አለቀስኩ። ሾፌሩ ሰው የሞተብኝ መስሎት «አይዞሽ እህቴ» አለኝ።

እሑድ
በትልቁ ድስት ሽሮ ሠራሁ፤ ለሁለት ሰው። ደውዬ ቤቱ የት እንደሆነ ነገርኳት። በዚህ ሳምንት ያልዋሸሁበት የመጀመሪያ ስልክ ነው። «እሺ» ብቻ አለች። ትምጣ አትምጣ አላውቅም።
ሽሮው ቀዝቅዟል። እኔም አልበላሁም። ባጃጅ በቆመ ቁጥር በሩን ከፍቼ አያለሁ።