የእናትሽ ክፍል መስኮት

ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን

ለልጄ፣ ለሸረሪቴ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል እንጂ አለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፤ ድንጋይ ለለመደ እጅ እስክሪብቶ በጣም ቀላል ነው፣ ያመልጠዋል።

ዩኒቨርሲቲው ጡረታ ስትወጪ ያደረገልሽን ሽኝት በስልክ አየሁት። ና ስትዪኝ የቀረሁት ጫማዬ ጠቦኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ናት ያሳየችኝ።

«አባባ፣ ልጅዎን አያዩም?»

«እዚያ አስቀምጪው፣ ሲመቸኝ አያለሁ።»

«ስልኩ የኔ ነው እኮ!»

ቁጭ ብዬ አየሁ። ስንት ዘመን ሰው «ልጅህ ምን ታስተምራለች?» ሲለኝ «ሸረሪት» እላለሁ፤ «ሸረሪት ደግሞ ትማራለች እንዴ?» ብለው ይስቁብኛል። ያ ሁሉ አዳራሽ ቆሞ ሲያጨበጭብልሽ በኖሩና ባዩ።

አንድ ሽበታም ሐኪም «ተማሪዎ ነበርኩ» ብሎ ተነሣ። «ፕሮፌሰር ሙከራችን ሲበላሽ አይቆጡንም ነበር። ‹ደግ ሆነ፣ አሁን አንድ ነገር አወቅን› ይሉን ነበር» አለ። ከኋላው ያሉትም ቃሉን ያውቁት ኖሮ አብረውት በአንድ አፍ አሉት።

እኔም ብድግ ብዬ «ይሄ እኮ የሚስቴ ቃል ነው!» ብዬ ስልኩ ላይ ጮህኩ።

«አይሰሙዎትም አባባ» ብላ ልብስ ሰፊዋ ሳቀች።

ትሳቅ። የእናትሽ ነው፣ ነፍሷን ይማር። ድስት ሲያርርባት እንዲያ ትል ነበር። አንቺ የሸረሪቶችሽን ብርጭቆ ሰብረሽ አልጋችን ውስጥ የገቡ ዕለትም፣ እኔ ቀበቶዬን ስፈልግ፣ «ደግ ሆነ፣ አሁን አንድ ነገር አወቅን፤ ሸረሪት ሙቀት ትወዳለች» ብላ አዳነችሽ። የኔ ቃል ነው ብዬ ልጽፍልሽ ዳድቶኝ ነበር፤ ግን በጽሑፍ አይዋሽም።

ፊደል ያልቆጠረች ሴት ቃል ያን ሁሉ ሰው አሳደገ። አንቺ ባትሸከሚው ከኛ ማጀት አይወጣም ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እሰማ ነበር፤ ያንቺን ድር አዳራሽ ሞልቶ አየሁት። አመሰግንሻለሁ፣ ልጄ። በአፌ ብዬሽ አላውቅም፤ በእጄ ይኸው።

«አባዬ፣ ካንተ ጋር ልኑር ወይስ እዚሁ ልቅር? ቁርጡን ንገረኝ» ብለሻል። ቁርጡን ልንገርሽ። እኔ ሰው አያስፈልገኝም። እንደወደድሽ።

ለወሬ ያህል፣ የእናትሽን ክፍል መስኮት አስፍቼዋለሁ። አየር እንዲገባ ነው። ከሥሩ ጠረጴዛ አኑሬያለሁ። ጥግ ላይ አንዲት ሸረሪት ድሯን አድርታለች፤ ልብስ ሰፊዋ መጥረጊያ ስታነሣ «ንኪያትና እንተያያለን!» አልኳት።

«ማን ሊያያት ነው?» አለችኝ።

መጥረጊያውን ከእጇ ተቀብዬ ከበሩ ኋላ አቆምኩት።

ያስተማርሻቸው ሁሉ ይጡሩሽ። የእናትሽ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይሁንሽ።

አባትሽ፣ ግንበኛው

ይህን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ጠረጴዛው አዲስ ነው፤ ባለቤቷ ሳትመጣ እንዳልቧጭረው ብዬ።