የጅብ ጭምብል በበዓለ ሃምሳ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4። ከሰዓት 10፡00

እጄን አራት ጊዜ ታጠብኩ፤ አሁንም ይሸታል። የዱቄት ሙጫ። ትናንት ያፈላሁት አድሮ ኮምጧል፤ አይጥ የሞተበት ይመስላል። ያረጀ የፈተና ወረቀት እቀድዳለሁ፣ እነክራለሁ፣ የተደፋ ሳፋ ላይ እለጥፋለሁ። ለድራማ ክበቡ የጅብ ጭምብል መሥራቴ ነው። ርዕሰ መምህሩ በጀት የለም፣ ከየቤታችሁ ባለው ነገር ሥሩ አሉ። ከየቤታችሁ ማለት ከእኔ ቤት ማለት ነው። ዱቄቱም ሳፋውም የእኔ።

የወጣው ጅብ አይደለም፣ የድስት ክዳን ነው። ልጆቹ ሳቁ። ባይቀፈኝ እኔም እስቅ ነበር።

ድራማውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ። ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናት፣ ሌሊት ጅብ ትሆናለች እያሉ የሚያሟት ሰዎች አንገፍግፈውኝ። ስልክ በኪሱ ይዞ ቡዳ! ሰኞ ለወላጆች ይታያል።

ረቡዕ፣ 5። ጠዋት

ጉም። ጭምብሉ አልደረቀም። ላልቶ እንደ ገንፎ ተንዷል። ጣልኩት፤ ውሻ እንኳ አሽትቶት አለፈ።

ሰብለ መላ አመጣች። የ9ኛ ሀ ተማሪ፣ በድራማው ነርሷ፣ እግዜር ድምፅ የሰጣት ልጅ። ቅርጹ መጀመሪያ በሸክላ ጭቃ ይሠራ፣ ወረቀቱ በላዩ ይለጠፍ፣ ሲደርቅ ይላቀቅ አለች። እናቴ ትሠራልናለች አለች። እናቷ ወ/ሮ ጥሩነሽ ሸክላ ሠሪ ናቸው። አንዱ ከኋላ አፍንጫውን ያዘ። አስወጣሁት። በራሴ ኮራሁ።

ሐሙስ፣ 6። አመሻሽ

ከምሳ በኋላ እቤታቸው ሄድኩ። ከመንደሩ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ነው። እጃቸው ጉድ ነው! ስለ ዝናቡ እያጫወቱኝ፣ ጭቃውን እንኳ ሳያዩት፣ መንጋጋ አወጡ፣ የዓይን ጉድጓድ፣ የተቀደደ ጆሮ። ፌስታል አልብሰው ወረቀቱን በስስ በስሱ ለጠፉ፣ እሳት ዳር እያዟዟሩ አደረቁት። ጥላሸት የተቀባ የበግ ጠጉር አለበሱት። ሊነክሰኝ ደረሰ።

ከዚያ ሰብለ በሶ አቀረበች። በቅቤ የተለወሰ፣ ራሳቸው በሠሩት ወጭት። እኔ ምን አልኩ? ጾም ነኝ።

ደብተሬ፣ በዓለ ሃምሳ ነው! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ቄሱም ቅቤ ይበላሉ። እኔ በሐሙስ ምድር ጾመኛ!

አስቤ አይደለም። ወጭቱ ሲቀርብ አፌ ቀደመኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከጠይብ እጅ እንዳትቀምሺ ትለኝ ነበር። ሞኝነት ነው ብዬ ከተውኩት ስንት ዘመኔ። አልተውኩትም። ወ/ሮ ጥሩነሽ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ውይ መምህርት፣ እውነትዎን ነው። እኔ ነኝ የረሳሁት።»

ወጭቱን ከደኑት። ውሸቴን ራሳቸው ሸፈኑልኝ። ሰብለ ቆማ ታየኛለች። ጭምብሉን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ማመስገኔንም አላስታውስ።

ዓርብ፣ 7። ከልምምድ በኋላ

ጭምብሉን ያየ ሁሉ ጮኸ። ር/መ አጨበጨቡ። ሰብለ ነርሷን ሆና ገባች። የምትለው የእኔ ጽሑፍ ነው፤ ከሸክላ ሠሪ ቤት የበላ ሰው ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም!

«ምን ይሆናል?» አለችና ቆመች። የረሳች መስሏቸው ከኋላ ሹክ አሏት። አልረሳችም። እኔን ነው የምታየው። ወረቀቱን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

አልጠራኋትም። ለልጆቹ አሟት ነው አልኳቸው። ሁለተኛ ውሸት። ምራቄን በራሴ ላይ መትፋት አማረኝ።

ቅዳሜ፣ 8። ረፋድ

ከጓደኛዋ ገበያ ላይ ሰማሁ። ሰብለ የተወችው ድራማውን ብቻ አይደለም። ት/ቤትም አልመለስም፣ አዲስ አበባ ሄጄ ሰው ቤት እሠራለሁ ብላለች። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ!

ለር/መ ደወልኩ። ታዲያ ምን ችግር አለ፣ ሌላ ልጅ ትተካት፣ ተመልካቹ አያውቅም አሉ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ቆይቼ ሳስበው፣ በእሳቸው መናደድ ቀላል ነው። አፍንጫውን የያዘውን ልጅም ማስወጣት ቀላል ነበር። እሱ የተጸየፈውን በግልጽ ተጸየፈ፤ በጾም አላሳበበም።

እሑድ፣ 9። ከቅዳሴ መልስ

የይቅርታ ንግግር ስጽፍ አረፈድኩ። ሦስት ገጽ። አነበብኩት፤ ያምራል። ቀደድኩት። የሚያምር ነገር መጻፍ መቼ አቃተኝ።

ነጠላዬን ሳላወልቅ እሄዳለሁ። ርቦኛል እላለሁ። ለወ/ሮ ጥሩነሽም ለሰብለም፣ ጾም አልነበረም፣ ተጸይፌ ነው እላለሁ። አናበላዎትም ቢሉኝ መብታቸው ነው፤ ደጃፋቸው ላይ እቀመጣለሁ። ካቀረቡልኝ ሰብለ እያየች እበላለሁ።

ቡዳ የለም እያልኩ ሃያ ዓመት አስተማርኩ፤ ሆዴ ግን አልተማረም። ይህን ስጽፍ እንኳ ወጭቱ ታየኝና አፌ መረረ። ይምረር። እውጠዋለሁ።