ብርቱካን የቆየችበት ረቡዕ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 8

ዛሬም ሁለቱም መኪኖች አብረው ታጠፉ። እኔ መሪዬን ሳዘነብል የብርቱካንም መኪና ተከትላ ገደል ትገባለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነው።

ቤት ሲጠይቁኝ በደንብ አስረድቼ ስለማላውቅ እዚህ ልጻፈው። የእኔና የብርቱካን የመመረቂያ ሥራ ጨዋታ ነው። ሁለት ሰዎች በየእጃቸው የእንጨት መሪ ይዘው ይቆማሉ፤ ቴሌቪዥን ላይ መኪና ይሽቀዳደማሉ። የሚጫኑት ቁልፍ የለም። መሪውን ወደ ቀኝ ካዘነበሉት መኪናዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። እያንዳንዱ መሪ ውስጥ የእጅን እንቅስቃሴ የሚለካ፣ ጥፍር የምታክል ሴንሰር አለች። ሁሉን የምታስኬደው መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ቦርድ ናት። መንገዱን ከዳንግላ እስከ ቆሰበር አድርገን ሳልነው፣ ከነጠመዝማዛው።

ጠዋት የብርቱካን አጎት ደወለላት። እናቷ ከፋሲካ ወዲህ ታመዋል። "በርትቶባታል፣ ነይ" አላት። ቦርሳዋን አነሳች። እኔ ነኝ "ነገን ብቻ ቆዪልኝ፤ ቤታችሁ ዘንገና፣ እዚሁ አጠገብ እኮ ነው፣ ነገ ማታ ትደርሻለሽ" ያልኳት። ሥራውን የምናቀርበው ሰኞ ነው፤ የሴንሰሩን ነገር ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም። ትንሽ ቆመችና ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 9፣ ምሳ ሰዓት

ተገኘ።

ለካ ሁለቱ ሴንሰሮች አድራሻቸው አንድ ነው። ቦርዷ አንዷን ስትጠራ ሁለቱም አቤት ይላሉ። ብርቱካን ይህን ከደረሰችበት በኋላ የአንዷን ሴንሰር አንድ እግር በቀጭን ሽቦ ከቦርዷ የኃይል ፕላስ ጋር አገናኘች፤ አድራሻዋ ተቀየረ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሦስት ሳምንት ያሰቃየን አንድ ሽቦ።

ወዲያው ተሽቀዳደምን። ሦስቴ አሸነፈችኝ። ብርቱካን ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ዛሬ ሁለቱም እጆቿ መሪ ስለያዙ ጥርሷን አየሁት።

አንድ ነገር ይቀራል። የእሷ መሪ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦም መኪናዋ ወደ ግራ ትሳባለች። ከምሳ በኋላ እናየዋለን። ከዚያ ትሄዳለች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 10

የትናንቱን ከሰዓት መጻፍ አለብኝ።

ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣ ድምፁ ተዘግቶ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዕቃ ስንሰበስብ አወጣችው። ዘጠኝ ጊዜ ተደውሎላታል። መልሳ ስትደውል ኔትወርክ እምቢ አለ፤ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ አለች። ሲያነሱላት በአዊኛ ነው ያወሩት። እኔ አዊኛ አልሰማም። ፊቷን አይቼ ግን ገባኝ።

እናቷ ስምንት ሰዓት ላይ አረፉ። ስምንት ሰዓት ላይ እኛ እንደገና እየተሽቀዳደምን ነበር።

በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብንም። መንገዱ ረጅም በሆነ ብዬ ተመኘሁ፤ ቢያንስ ሩቅ ነው የሚባል ምክንያት ይኖረኝ ነበር።

ዛሬ ተቀበሩ። ሲያካፋ ነው የዋለው። ለቀስተኞቹ ፈረሶቻቸውን ከታረሰው ማሳ ዳር አስረው በጭቃው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ። ብርቱካን አላለቀሰችም። የሳጥኑን ጫፍ ይዛ ነበር የምትሄደው፤ ሲያወርዱት ሴቶቹ እጇን ማላቀቅ አቃታቸው።

ዓርብ፣ ግንቦት 11

ሠልስት። ከክፍላችን ልጆች ጋር በሚኒባስ ሄድን። ልነግራት ቆርጬ ነው የሄድኩት። ሰው ጋብ ሲል ከድንኳኑ ጀርባ፣ ቀርከሃው ሥር አገኘኋት።

"ብርቱዬ፣ እኔ ባልይዝሽ ኖሮ በሕይወት ትደርሽባቸው ነበር" አልኳት።



"አንቺ ባትይኝም እቆይ ነበር" አለች። "ልቤ ሥራው ላይ ነበር። የሚያመኝ እሱ ነው።"

ምነው በሰደበችኝ።

ማክሰኞ ማታ እናቷ ስሟን ጠርተው ነበር አሉ። "ትምህርት ላይ ናት፣ ነገ ትመጣለች" ብለው አረጋጓቸው። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም። ከዚያ "ሰኞ አልመጣም። ደብተሬ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ተጠቀሚበት። ስሜን ከወረቀቱ አውጪው" አለችኝ።



ቅዳሜ፣ ግንቦት 12

የቀረኝ፦
ወደ ግራ የምትሳበው መኪና።
የላላው የቴሌቪዥን ገመድ።
የሚቀርበው ጽሑፍ፣ አራት ገጽ።
ስሟ።

ለሁለት ሰው የተሠራን ነገር ለብቻ መሞከር ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። በአንድ እጄ አንድ መሪ፣ በሌላው ሌላ ይዤ ቆምኩ። ሁለቱም መኪኖች ተጋጭተው መንገድ ዳር ቀሩ። ጥቂት እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ደብተሯን ገለጥኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ እንዲህ ብላለች፦ "ሲበራ መሪው ሳይነካ አምስት ሰከንድ ይቀመጥ። ያን ጊዜ የሚለካውን ዜሮ ብሎ ይያዝ።" ረቡዕ ከሰዓት ጽፋው መሆን አለበት። እንዳለችው ኮዱን ጻፍኩ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። የምነግረው ሰው ፈልጌ ዞር አልኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 13

ከቅዳሴ መልስ ጽሑፉን ጨረስኩ። ስሟን አላወጣሁትም። እንዲያውም አስቀደምኩት። ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ።

ሰኞ፣ ግንቦት 14

አለፍኩ።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። መምህራችን ሁለተኛውን መሪ አብሮኝ የሚማር ልጅ እንዲይዝ ሊጠራ ሲል፣ ከፈታኞቹ አንዷ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት፣ "እኔ ልያዘው" ብለው ተነሱ። መነጽራቸውን አስተካክለው ያዙት። ሁለት ጊዜ ገደል ገቡ፤ በሦስተኛው ቆሰበር ደረሱ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

"ሴንሰሩን ማነው የሠራው?" አሉኝ።

"ብርቱካን ናት።"

"የታለች?"

ነገርኳቸው። መሪውን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ የሚሰበር ነገር ይመስል። ከዚያ በኋላ ለምን አምስት ሰከንድ፣ ለምን ሦስት አይበቃም ብለው ጠየቁኝ። እኔ አላውቅም፤ ሐሳቡ የእሷ ነው አልኳቸው። እውነቱን በመናገሬ ቀለል አለኝ።

ለብርቱካን ግን ውጤት አልተሰጠም። መጥታ ራሷ ቀርባ ጥያቄ መመለስ አለባት። መምህራችን "መስከረም ላይም ቢሆን እናያታለን፣ ብቻ ትምጣ" አለኝ። ብቻ ትምጣ። ታናናሾቿ ሦስት ናቸው፤ ትንሿ ገና መራመድ መጀመሯ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 15

ዛሬ የእናቷ ሰባተኛ ቀን ነው። ወደ ዘንገና የሄድኩት ብቻዬን ነው።

ብርቱካን ከስታለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ስሟ ላይ ሲደርስ ዓይኗ ቆመ፤ ከዚያ አጥፋ ከነጠላዋ ሥር ከተተችው። መምህሩ ያለውን ነገርኳት።

አባቷ ግድግዳውን ተደግፈው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ፤ ከቀብሩ ወዲህ ግን ከአፋቸው የሚወጣው አዊኛ ብቻ ነው። እኔን እያዩ አንድ ነገር አሏት። ደገሙት።

"ምን አሉ?" አልኳት ፈራ እያልኩ። ለሳምንት የጠበቅኩት ወቀሳ መጣ ብዬ ነበር።

"'ልጄ የቆየችበት ነገር ሠራ ወይ?' እያለሽ ነው።"

"ሠርቷል፣ አባባ" አልኳቸው። "እሷ የሠራችው ነው። ሰው ሁሉ አይቶታል።"

ራሳቸውን ደጋግመው ነቀነቁ። ከዚያ በአማርኛ "እንኳን ሠራ" አሉ። "ባይሠራ ኖሮ ሁለት ለቅሶ ይሆንብን ነበር።" ቆይተውም ወደ ልጃቸው ዞረው "ክረምቱ ይውጣ እንጂ ትሄጃለሽ። ልጆቹን እህቴ ታያለች" አሏት።

ብርቱካን እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። ተነስታ እንግዶቹ የበሉበትን ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። እኔም ተነሳሁና አገዝኳት።