«ይታተም» ተብሎ የተደፈነው ክበብ

የሠሩበት ማተሚያ ቤት በሙሉ «ጋሽ ክፍተት» እያለ ይጠራቸው የነበሩት አጎታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው እጅጌ ቆርጠው ሲያነሡ፣ እሳቸው የተረፈውን ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግተው በባዶው ውስጥ የሄደውን እጅጌ ያዩ ነበር። አባታቸውም «ልብሱን ትቶ ቀዳዳውን የሚያይ ልጅ ወለድኩ» እያሉ ለደንበኛው ሁሉ ያሟቸው ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ በ1964 ዓ.ም. በማተሚያ ቤቱ የንድፍ ክፍል ተቀጠሩ። ዓይን እንዴት እንደሚያይ የሚያስረዳ አንድ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሰው ከዳር እስከ ዳር በእጃቸው ገለበጡት። ዓይን የተቀራረበውን ቤተሰብ ያደርጋል፣ የሚመሳሰለውን ያቧድናል፣ የጎደለውን ራሱ ይሞላል፤ ይህን በቃላቸው ያዙ። አርማ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ «እዚህ ባዶው ላይ ምን እንጨምርበት?» ሲላቸው «ባዶውም እኮ ሥራ ላይ ነው፤ አይረብሹት» ስለሚሉ ቅጽል ስማቸው ከዚያ ወጣ።

በ1971 ዓ.ም. የዚያው ቤት አራሚ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። ባለቤታቸው የመጀመሪያውን የፍቅር ደብዳቤ ፊደል አርመው እንደመለሱላቸው ቤተሰብ ያውቃል። ሁለት ሴት ልጆችም ወለዱ።

በ1976 ዓ.ም. የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱን አርማ ሠሩ። ሁለት ሰማያዊ መዳፎች፣ ዙሪያቸውን ደግሞ ከላይ በኩል ክፍት የሆነ ክበብ። በመዳፎቹ መካከል ነጭ ጠብታ ትታያለች፤ ማንም አልሳላትም፣ ሁሉም ግን ያያታል። ክበቡን ክፍት የተዉት የሚያየው ሰው በዓይኑ እንዲዘጋው ነበር፤ ራሱ የዘጋውን አይረሳምና። ለዚያች ክፍተት ስፋት ብቻ አሥራ አንድ ሳምንት ደከሙ። ብትጠብ ስህተት ትመስላለች፣ ብትሰፋ ክበቡ ይበተናል።

አርማው ሲሸለም መድረክ ላይ የወጡት የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ፣ የልጅነት ወዳጃቸው፣ ነበሩ። «እኔ ብወጣ አንተ ብትወጣ ያው የቤታችን ሥራ ነው፤ አይክፋህ ወንድሜ» አሏቸው። ጋሽ ክፍተት ነገሩን በሆዳቸው ያዙት። ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባላል፤ እሳቸውን የጎዳቸው ስፋቱ ነው።

በ1998 ዓ.ም. አርማው እንደገና ሲታተም፣ በማተሚያ ፊልሙ ላይ የታየን ጭረት ሁሉ በቀለም የሚደፍነው ሠራተኛ ክፍተቷን ጭረት መስላው ደፈናት። በእሱ አይፈረድም፤ የተቀጠረው ለዚሁ ነው። ናሙናው ግን ለማረጋገጫ ወደ ኃላፊው ሄደ። አርማውን ሠራሁ ብለው የተሸለሙት ሰው አገላብጠው አዩትና «ይታተም» ብለው ፈረሙበት።

ጋሽ ክፍተት ናሙናውን ይዘው ኃላፊው ቢሮ ገቡ። «ምኑ ጎደለ? እንዲያውም ሞላ፣ አማረበት!» ተባሉ። ቤት ገብተው ለባለቤታቸው «የወሰደውን እንኳ አላየውም» አሉ። አርማው እንዲታረም፣ የሠሪውም ስም እንዲመዘገብ ለሥራ አስኪያጁ ሦስት ጊዜ ጻፉ። መልስ አልመጣም። የተደፈነው ክበብ በየግድግዳው ባለው የውሃ ቆጣሪ ክዳን ላይ ተለጠፈ፤ እሳቸውም እየሄዱ ዓይናቸውን ከግድግዳ ማራቅ ለመዱ።

በ2005 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

የቀድሞው ኃላፊ ዛሬ ከእኛ ጋር ቆመዋል፤ ስለመጡ እናመሰግናለን። ከዘመድ አንዳንዱ «የቀብር ቀን ነው፣ ይሄ የአርማው ነገር ይቅር» ብሎ ነበር። ባለቤታቸው ግን ይህን ጽሑፍ ተቀብለው ሁለት ነጠላ ሰረዝ አረሙና «እሱ ዕድሜውን ሙሉ ዝም ብሏል። ይነበብ» አሉ።

የሠሪን እጅ ያለ ፊርማ የሚለይ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በክብር ይቀበል።