የፈረንጁ ሽማግሌ

እሑድ፣ ኅዳር 7። ከሰዓት

እንዝርቱ በእጄ፣ ስልኩ መስኮት ላይ። ዛሬም ያው የእንግሊዝኛ የድምፅ ትረካ፤ የድሮ የእንግሊዝ ገጠር አጫጭር ታሪኮች። መጀመሪያ ለአነጋገሬ ብዬ ነበር ያወረድኩት፤ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ተማሪ ፊት እንዳልንተባተብ። አሁን ሱስ ሆኖብኛል። ጭቃ፣ ዝናብ፣ በግ፣ ነገረኛ ጎረቤት። ደብተሬ፣ ሰዎቹ ስለኛው ሞላሌ ነው እንዴ የሚያወሩት?

አባባም ለምደውታል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ውሏቸው ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ነው። ተራኪው ሰውዬ ምን አለ ይሉኛል፤ አቆምና እተረጉማለሁ። እዚያም ገብስ መኖሩን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ውርጭ መኖሩን ሲሰሙ ለገበሬዎቹ አዘኑላቸው።

ሌላው ነገር ግን ያው ነው። ጋሼ ደርቤ፣ የአባባ ታናሽ ወንድም፣ ብሶባቸዋል። ቅዳሜ ደ/ብርሃን ሆስፒታል ይገባሉ። ኦፕራሲዮን ነው። አርብ፣ በሚካኤል፣ ሽማግሌዎች ከቄሱ ጋር ለእርቅ ሊመጡ ነው። የአባባ መልስ አንድ ነው፤ አይሆንም። የሁለቱ የሣር መሬት ድንበርተኛ ነው። ሦስት ዓመት ሆነ፤ ጋሼ ሲያጭዱ የድንበሩን ድንጋይ አለፉ። አባባ ገዘቱ። ደጄን እንዳይረግጥ፣ ቀብሬ ላይ እንዳይቆም።

ግዝት ጨዋታ አይደለም። እንዲህ እንዳሉ ጋሼ ቢሞቱስ? ልጅ ሳለሁ ወንዝ ሲሞላ በትከሻቸው ያሻገሩኝ ሰው ናቸው። 

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ጉድ ሆንኩ። ከት/ቤት ተመልሼ አዲስ ታሪክ ከፈትኩ። አባባ ጆሯቸውን ሰጥተዋል፣ እኔ እተረጉማለሁ። ሁለት ወንድማማቾች። በመካከላቸው አንድ አጥር። አይነጋገሩም። እዚህ ስደርስ የኛን ቤት የሚያወራ መሰለኝ። መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም።

አባባ ቀና አሉ። "ደርቤ ደግሞ የፈረንጅ ሽማግሌ ላከብኝ?"

ደብተሬ፣ ልስቅ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን ሳቄ ደረቀ። የኛ አገር ሽማግሌ እርቅ ሲያስብ በቀጥታ አይገባበትም። ቀድሞ ሰው ይልካል። የተላከው ቁጭ ብሎ የሌላ ሰው ጠብ እንደ ዋዛ ያወራል፤ ልብ ያለሰልሳል። አባባ ይሄን መንገድ ያውቁታል፣ ስንቱን ራሳቸው አስታርቀውበታል። ተልኬ የመጣሁ መሰልኳቸው። ታሪኩ የቆየ ነው፣ ሰውዬው እናንተን አያውቅም ብዬ ማልኩ። ወሬ በራሱ እግር አይመጣም ብለው ገቡ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አባባ አኩርፈውኛል። ራት አልቀመሱም። 

ወደ ት/ቤት ስሄድ ታሪኩን ለብቻዬ ጨረስኩት። ምነው ባልሰማሁት። አይታረቁም። ታናሹ በክረምት ይሞታል። ታላቁ ለቀብር ይመጣና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የራሱን ሣር ሲጨርስ የሟቹንም ያጭዳል። ማንም ሳይጠይቀው። አለቀ።

ሦስተኛ ክ/ጊዜ ላይ አንድ ተማሪ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። 10 ሰዓት

አባባ ራሳቸው አሉ፤ ክፈቺው፣ ያ ሰውዬ ይጨርስ።

ከፈትኩ። ተረጎምኩ። መጨረሻው ላይ ዋሸሁ። ታረቁ አልኩ፣ አብረው በሉ ጠጡ አልኩ። ስናገረው ለራሴም ጣመኝ።

 አባባ የሰውዬውን መጨረሻ ብቻ መልሰሽ አሰሚኝ አሉ። መለስኩ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ቃል ሰሙ።

"ልጄ፣ ሰው ሲታረቅ ድምፁ እንዲህ አይወርድም። ይሄ ሰውዬ ቀብር ላይ ነው።"

እፍረቴን ምን ብዬ ልጻፈው? እንግሊዝኛ አያውቁም። ያዙኝ። እያለቀስኩ እውነቱን ነገርኳቸው፣ ቀብሩንም፣ ዝናቡንም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። የሟቹን ሣር ማን አጨደው? ወንድሙ አልኩ። ፀሐይዋ ከደጁ እስክትሄድ ከተቀመጡበት አልተነሱም። ተቆጥተው ይሁን አዝነው አላወቅሁም። ነገ ሐሙስ ነው፤ በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ጠዋት

የቀሰቀሰኝ የማጭድ ድምፅ ነው። አባባ ደጅ ተቀምጠው ድንጋይ ላይ እየሳሉ። የደርቤ ሣር ታጭዷል ወይ አሉኝ። አልታጨደም፣ ታመው ማን ያጭደዋል አልኩ። ሳያቆሙ ይስላሉ።

"ሞቶ ከማጭድለት በቁሙ ልጨድለት።"

ደነገጥኩ። ግዝቱስ፣ መጀመሪያ ቄሱ ይፍቱት እንጂ አልኩ። እሱ አይምጣ አልኩ እንጂ እኔ አልሄድም የሚል ቃል መች ወጣኝ አሉ። ቄሱ ነገ የቀረውን ይፍቱ። ከትናንት ወዲያ የተኮራረፍን ሰዎች ሳቅን።

ለዳይሬክተሩ ደወልኩ፤ ዛሬ አልገባም።

አንድ ነገር ግን አለ። የድንበሩ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ንገሪኝ ብለዋል፤ ራሳቸው አያዩትም። እዚያ ሲደርሱ ልባቸው ቢመለስስ? ያ ሁሉ ነገር ቢታወሳቸውስ? ዝም ብላቸው ሳያውቁት ያልፉታል፣ እኔም እገላገላለሁ። ነገ ግን ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ልጄ ነች ሳላውቅ ያሻገረችኝ ይሉ ይሆናል። አይ። ትናንት አንዴ ዋሽቻቸዋለሁ። እነግራቸዋለሁ። አውቀው ይለፉት።

እየጠሩኝ ነው። ሁለተኛውን ማጭድ ያዢ ይላሉ፣ ያንቺ ወገን በድንጋዩ በኩል ነው።